ጨው የነሰነስኩበት ቆዳ

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ስናዘዝ ኖሬ፣ ቡሬን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ላም ናት፣ ይስቁብኛል ብዬ ነው? አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አንተ የማታውቀኝ አንባቢ፣ አንተ ስማኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነገሌ ላይ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። አደ ሎኮ የሚባሉ የቦረና እናት መንጋቸውን ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄዱ፣ ጥጃዋ የሞተባትን ቡሬን ግቢዬ ተዉልኝ። እንዲህ ያለች ላም ወተቷን ትከለክላለች። ስለዚህ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተው፣ ጨው ነስንሰው ፊቷ ያቆሙላታል፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። «ሦስት ቀን ብቻ፣ ልጄ። ከዚያ ቆዳውን ቅበረው፤ እሷም ትርሳው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

አልቀበርኩም። ለቁጥጥር የመጣው አለቃዬ ወተት ይወድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ደብረ ዘይት ለትምህርት እንዲልከኝ እፈልግ ነበር። ጠዋት ነሰነስኩ፣ ቀትር ላይ ነሰነስኩ፣ ማታም ነሰነስኩ። ቡሬ ሣር መብላቷን ትታ ከቆዳው አልለይ አለች። ደስ ብሏታል አልኩ። አንድ ቀን የልብ ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ልቧ ጅብ እንዳየ ከብት ልብ ይሮጣል፤ ምላሷ ግን መላሱን አላቆመም። ሰማሁ፤ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ማዳመጫዬን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ጨው ጨመርኩ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቆዳው ሥር ወድቃ ሞተች።

አደ ሎኮ ሲመለሱ «በሽታ ነው» አልኳቸው። አገሬው የከብት ሐኪም ይለኝ ነበር፤ ሐኪም የተናገረውን ማን ይጠራጠራል? ወሬው ውሃ ጉድጓዱ ጋ ደረሰ፤ ቡሬ የወጣችበት መንጋ ሌላውን እንዳይበክል ተብሎ አደ ሎኮ የውሃ ተራ ተከለከሉ። በዚያ በጋ ከብቶቻቸውን ወደ ያቤሎ ሲነዱ ግማሾቹ መንገድ ላይ ቀሩ። አንድ ቃል ብናገር ይጠጡ ነበር። አልተናገርኩም፤ ትምህርቱ ተፈቅዶልኛል።

ደብረ ዘይት መምህራችን ስለ አንዲት አይጥ አወራን። አንጎሏ ውስጥ ደስታ የሚሰማትን ቦታ የሚነካ ቀጭን ሽቦ ገብቶላታል፤ እሷም ምግቧን ረስታ ሽቦውን የሚያሠራውን መርገጫ ደጋግማ ትረግጣለች። ደሟ ሲመረመር ግን በጭንቀት ጊዜ የሚመነጨው ሆርሞን ጨምሮ ይገኛል። «ደስታና ጭንቀት እንዴት አብረው ይኖራሉ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። ሁሉም የመምህሩን መልስ ሲጽፍ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ደስ ያለው ሰው ባየሁ ቁጥር ደረቱ ላይ ጆሮዬን መለጠፍ ያምረኛል።

ከዓመታት በኋላ አደ ሎኮን ነገሌ ገበያ አገኘኋቸው። «ናጋ፣ ልጄ» ብለው ሰላም እያሉኝ እጄን ያዙ። «አንተ በሽታውን ባታውቅልን የሰው ከብት ሁሉ ያልቅ ነበር።» ከዚያም መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር። ሲጨርሱ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ።

አሜን አልኩ።

አሁን እሳቸው በሕይወት የሉም፤ በእሳቸው ፈንታ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። ብቻ ላም ናት ብለህ አታጽናናኝ። አላወቅሁም ነበር እንዳልል፣ ልቧን ሰምቼዋለሁ።