ጦስኝን ልብ ብሎ መጠጣት

ሕመሜ የጀመረው ውዱእ ሳደርግ ነው። ለሱብሒ ሶላት አፌን ስጉመጠመጥ ውኃው በግራ ከንፈሬ ጥግ ፈሰሰ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ፈሰሰ። ልጄን ዘሃራን ልጠራ ስል ምላሴ ተሳሰረ፤ ግራ እጄም የያዘውን ጣሳ ለቀቀ።

ከከሚሴ ደሴ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ስትሮክ ነው አሉ። ደም ግፊት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፤ ተለክቼም አላውቅ። እጄና እግሬ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ጉሮሮዬ ግን ወደኋላ ቀረ።

ሐኪሙ፣ “እናቴ፣ የመዋጫው ጡንቻ ደክሟል። እንደ ውኃና ሻይ ያለ ቀጭን ነገር ሳያስቡት ወደ ሳንባዎ ይገባል። ለጊዜው ወፈር ያለ አጥሚት ብቻ፣ በማንኪያ፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ አድርገው ይውሰዱ” አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በእኛ አገር ሰው ከሕመም ሲነሳ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። ሸሁ ይመርቃሉ፤ ቤቱ በአንድ ድምፅ አሚን ይላል። ተመርቆ ዝም ያለ ሰው ምርቃቱን እንደገፋ ይቆጠርበታል። ለእኔም በተሰበሰቡበት ቀን ጎረቤቴ ፋጡማ ጦስኝ አፍልታ ሰጠችኝ።

“ይቺ ምን ታደርግሻለች? ቅጠል አይደለች እንዴ” አለች።

ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ግን ሽታው አማረኝ። አንዴ ተጎነጨሁ። ሳልውጠው ሸህ ሰኢድ፣ “አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ” አሉ።

አሚን አልኩ።

ትን አለኝ። ትንፋሼ ቆመ። ዘሃራ ጀርባዬን መታችኝ። ሳልኩ። ተረፍኩ። በማግሥቱ ትኩሳት ያዘኝ። የሳንባ ምች ነው፤ ሐኪሞቹ ኒሞኒያ ይሉታል። እንደገና ደሴ። በአፍንጫዬ ቱቦ አስገቡ። ምግቤ በቱቦ ሆነ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። “መዋጥን እንደ አዲስ ይማራሉ። እንዲህ ያለው ነገር ከተደገመ ግን ቱቦው ይቆያል፤ ሳንባዎም ላይችለው ይችላል” አለኝ። ሞት የአላህ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የዘሃራ ኒካህ መቅረቡ ነበር። ልጄ ስትዳር ቱቦ አፍንጫዬ ላይ ተለጥፎ መቀመጥን ፈራሁ።

ቱቦው ሲወጣ መጀመሪያ በአጥሚት፣ ጉሮሮዬ ሲጠነክር ደግሞ በሐኪሙ ፈቃድ በጦስኝ መለማመድ ጀመርኩ። ከዙህር ሶላት በኋላ ሬዲዮኑን አዘግቼ፣ የጨፋ ሜዳ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። ሻዩ ለብ እስኪል ስኒውን በሁለት እጄ እይዛለሁ፤ ሙቀቱ በደካማው እጄ ዘግይቶ ሲደርሰኝ ይታወቀኛል። ቢስሚላህ ካልኩ በኋላ ስለ ማሽላው፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ድግሱ ማሰብ የለም። ሐሳቤ ሲሸሽ፣ በሶላት እንደማደርገው፣ ሳልቆጣው እመልሰዋለሁ። ጥቂት እቀምሳለሁ፣ አገጬን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ጦስኙ ምላሴን ቆንጠጥ ሲያደርገው፣ ሲወርድ፣ ደረቴን ሲያሞቀው በልቤ እከተለዋለሁ። ሐኪሙ፣ “ከዋጡ በኋላ ‘አ’ ይበሉ፤ ድምፅዎ ውኃ ያለበት ከመሰለ ያቁሙ” ብሎኝ ነበር።

ዘሃራ አጠገቤ ሆና “ሱታ፣ አዮ፣ ሱታ” ትለኛለች። ቀስ በይ፣ እናቴ ማለቷ ነው። ፋጡማ ግን መታገሥ አልቻለችም።

“ሰው ሻይ ይጠጣል እንጂ እንደ ሙሽራ አንገቱን ይደፋበታል?”

እስክውጥ አልመለስኩላትም። ከዚያ፣ “አንገቴን ያስደፋኝ ያንቺው ቅጠል ነው” አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስኒ ሳነሳ ቤቱን ጸጥ የምታሰኘው እሷ ናት።

ሲመርቁኝ እስክውጥ ድረስ አሚን አለማለቴ ሲከብደኝ ሸህ ሰኢድን ጠየቅኋቸው። “አሚን ዘገየ ተብሎ ምርቃት አይመለስም። ዋጪና በይው” አሉኝ። ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ በ“አ” ፈንታ አሚን እላለሁ፤ ድምፄ ጥርት ካለ ወርዷል ማለት ነው።

በኒካሁ ቀን ቱቦ አልነበረም። ስኒዬን ይዤ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጫለሁ። ሸህ ሰኢድ ልጄን ሲመርቁ ቤቱ አሚን አለ። እኔ አልቸኮልኩም። ዋጥኩ። ከዚያ ብቻዬን አሚን አልኩ፤ ድምፄ እስከ በሩ ተሰማ። ኮራሁ። አላህ የሰጠኝን ጸጋ መደበቅ አልፈልግም።

አልሐምዱሊላህ። ሐኪሞቼን፣ ልጄን፣ ጎረቤቶቼን አላህ ይክፈልልኝ። ጦስኝ ስትሮክን ያድናል አላልኩም፤ የግፊት ክኒኔን ዛሬም አላቋርጥም። እናንተም ተለኩ። ጉሮሯችሁ ከደከመ ሐኪም ሳይፈቅድ ቀጭን ነገር አትቅመሱ፤ ሲፈቀድላችሁ ደግሞ ልባችሁን ሌላ ቦታ ጥላችሁ አትጠጡ።

አስታማሚዎች ሆይ፣ በሽተኛችሁ ስኒ ካነሳች እስክትውጥ ጠብቁ። እንዴት ነሽ የሚለው ጥያቄ እንኳ ይቆይላት።