ለሁለት ቤት ቃል የገባው ሰዓሊ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ደህና ናችሁ? ነጋ ቀብዱ? ዛሬ እዚህ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ሽማግሌዎቹ "አጠር አድርገው" ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። ግን ወገኖቼ፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ያነሳ ጌታ አጠር ተደርጎ አይነገርም። ሃሌሉያ!

ብዙዎቻችሁ በሥራዬ ታውቁኛላችሁ። ሰዓሊ ነኝ። መንግሥት ተለውጦ ታፔላው ሁሉ በኦሮምኛ ቁቤም በአማርኛም መጻፍ ሲጀምር፣ ሮቤ ላይ ከእኔ ብሩሽ ያመለጠ ሱቅ አልነበረም። የሆቴሎቹ ግድግዳ ላይ የሳነቲን ቀይ ቀበሮ የሳልኩትም እኔ ነኝ። ሰው እጄን ያደንቅ ነበር፤ እኔም ራሴን አደንቅ ነበር። ጫቱ፣ አረቄው፣ ጭፈራው፣ ሴቱ... እንዲህ ስል አትፈሩልኝ፤ አፍሬ ጨርሻለሁ። ሰው ሲመክረኝ "አርቲስት እንዲህ ነው" እል ነበር። ያንን ሁሉ ይቅር ብሎኛል። ክብር ለስሙ ይሁን!

አባቴ ከጊኒር የመጣ ኦሮሞ፣ ሙስሊም ነበር። እናቴ የጎባ አማራ፣ ኦርቶዶክስ። አባቴ ጀማል አለኝ፣ እናቴ ታደለ አለችኝ። እነሱ በፍቅር የሰጡኝን ሁለት ስም እኔ መደበቂያ አደረግሁት። ከጀማል ጋር የተጣላ ሰው ቢመጣ ታደለ ነኝ፤ ታደለን የሚፈልግ ቢመጣ ጀማል ነኝ።

ሮቤ ላይ ዘሃራ ነበረች። አባቷ ሐጂ ከድር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ታፔላቸውን ልጽፍ ሄጄ ነው ያየኋት። ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ጨርቅ ስትለካ በኦሮምኛ የምታንጎራጉር ልጅ ናት። ለእሷ ጀማል ነኝ። ሐጂ ፊት ተቀምጬ፣ ኮፍያ አድርጌ፣ "ኢንሻአላህ ከረመዳን በኋላ ኒካው ይታሰራል" ብያለሁ።

ጎባ ላይ ደግሞ ብርሃኔ ነበረች። አስተማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቃሏን የምትቆጥብ። ለእሷ ታደለ ነኝ። እናቷ ፊት ተቀምጬ፣ "ከፋሲካ በኋላ በቁርባን እንጋባለን" ብያለሁ።

ከሮቤ ጎባ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ በዚያች ሩብ ሰዓት ስሜን፣ ሃይማኖቴን፣ ሰላምታዬን ቀይሬ ከመኪና እወርድ ነበር! ወገኖቼ፣ ሁለቱንም እወዳቸው ነበር፤ እሱ ውሸት አይደለም። ግን ራሴን ከሁለቱም አብልጬ እወድ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጠጥቼ፣ የአንድ ሆቴል ፎቅ ላይ ጽሑፍ እጽፋለሁ ብዬ መሰላል ወጣሁ። "ውረድ፣ ነገ ትጨርሰዋለህ" አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ከዚያ የማስታውሰው መሬቱን ነው። በቀኝ እጄ ላይ ነበር የወደቅሁት።

ሆስፒታል ስነቃ ክንዴ ታስሯል፤ ጣቶቼ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ዶክተሩ በመርፌ ነካ አደረገኝ። ምንም አልተሰማኝም።

"አጥንቱ ይገጥማል" አለኝ። "ነርቩ ግን ክፉኛ ተጎድቷል። ጣቶችህ ይመለሳሉ ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም።"

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ሰዓሊ ነኝ!"

"አውቃለሁ። የማልዋሽህም ለዚህ ነው።"

ያን ዕለት ከሰዓት ጠያቂ ሲገባ፣ በአንዱ በር ዘሃራ ወተት ይዛ፣ በሌላው በር ብርሃኔ ጸበል ይዛ መጡ። አልጋዬ አጠገብ ተገናኙ። እኔ ምን አደረግሁ? ዓይኔን ጨፈንኩ!

"ጀማልን ልትጠይቂ ነው? እህቱ ነሽ?" አለች ዘሃራ።

"ታደለን ነው የምጠይቀው። እጮኛው ነኝ" አለች ብርሃኔ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"እኔም እጮኛው ነኝ" አለች ዘሃራ። "ደግሞ የተኛ እንዳይመስልሽ፣ አልተኛም። ሽፋሽፍቱ ይንቀጠቀጣል።"

"አውቃለሁ" አለች ብርሃኔ። "ሲዋሽም እንዲሁ ነው።"

ዘሃራ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ፣ "አቲ ከን ኤኙቲ?" አለችኝ። አንተ የማን ነህ? ማለቷ ነው። ወተቱን አስቀምጣ ወጣች። ብርሃኔ ጸበሉን ይዛው ሄደች።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የገሰራ ገበሬ ተኝተው ነበር፤ ፈረስ ረግጧቸው እግራቸው ተሰብሮ። አማኝ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ልጸልይልህ ብዬ ነበር። ግን ትናንት አንዷ ጀማል አለችህ፣ አንዷ ታደለ። ለጌታ ማን ብዬ ልንገረው?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ።

"ሁለቱም ነኝ፣ አባባ። ግን የትኛውንም ሆኜ አላውቅም።"

"ምን እንዲያደርግልህ ትፈልጋለህ?"

"እጄን ይመልስልኝ።"

"ቢመልስልህ ምን ትሠራበታለህ?"

ወገኖቼ፣ እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር! ያው ብርጭቆ፣ ያው ውሸት ነበር የሚጠብቀኝ። እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ "ያ ጎፍታ፣ ነመ ከነ ቤክታ" አሉ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ። ሌላው ጸሎታቸው አልተሰማኝም። ሰዎቹ ሁሉ ግማሼን ብቻ በሚያውቁኝ ጊዜ፣ ሙሉዬን የሚያውቅ አንድ ጌታ ነበረኝ፤ አውቆኝም አልናቀኝም! እዚያው አልጋ ላይ፣ ያቺን የማትንቀሳቀስ እጄን ይዤ፣ "ኢየሱስ ሆይ፣ እጄ ዳነም አልዳነም ያንተ ነኝ" አልኩት። ሃሌሉያ!

ከሆስፒታል እንደወጣሁ መጀመሪያ የሄድኩት ሐጂ ከድር ጋ ነው። ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ቤቴ ተቀምጠህ የአላህን ስም ለውሸት ጠራህ" አሉኝ።

"አዎ ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ውጣ።" በሩ ጋ ስደርስ ግን ጠሩኝ። "መጥተህ በአፍህ ነገርከኝ፤ ይህንን አልረሳልህም። ቀናውን መንገድ ይምራህ።"

ዘሃራ ጨርቅ እየለካች ነበር። ቀና ሳትል፣ "ለእሷስ ነገርካት?" አለችኝ። "አሁን እሄዳለሁ" አልኳት። "እኔ ጋ ቀድመህ መምጣትህን አትንገራት" አለች። እንዲህ ያለች ሰው ነበር ያታለልኩት።

ብርሃኔን ትምህርት ቤቷ ግቢ አገኘኋት። አንድ ጊዜ ምስሏን ስዬ ሰጥቻት ነበር። "ስትስለው እኔን ነበር የምታየው?" አለችኝ። መዋሸት ለምጄ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልዋሸሁም። "ፊቱ ያንቺ ነው፤ ሳቁ የእሷ ነው" አልኳት። "አውቄው ነበር" አለች። "እኔ እንደዚያ አልስቅም።" ደወል ተደወለ፤ ወደ ክፍሏ ገባች። ዘሃራ በኋላ ይቅር ብላኛለች። ብርሃኔ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። እውነቱን ልናገር ቆሜ ይህችን አልዘልም።

እጄስ? ወደ እናንተ ስመጣ እዚህ መድረክ ላይ እጃችሁን ጭናችሁ ጸለያችሁልኝ፤ ያን ቀን ምንም አልሆነም። በቀጣዩም ሳምንት ምንም። እኔ ግን መጣሁ፣ ዘመርኩ። ወራት አለፉ። ገሰራ ኦቦ ገመቹን ልጠይቅ ሄጄ ባለቤታቸው አዴ ሌሊሴ ጩኮ አቀረቡልኝ። ታውቁታላችሁ፤ በቅቤ የራሰውን የገብስ ዱቄት ማን ይጠላል? ወሬ ይዞኝ ሳላስብ ቀኝ እጄን ሰደድኩ። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ ቆንጠር አድርገው አነሱት! አዴ ሌሊሴ እልል አሉ፤ ኦቦ ገመቹ በክራንቻቸው ብድግ አሉ፤ እኔ ጩኮውን ይዤ አለቀስኩ። ጌታ ይባረክ! ስሙ ይባረክ!

ዶክተሩ ሲያየኝ ጣቶቼን ደጋግሞ አጠፈ፣ ዘረጋ። "ምን አደረግህ?" አለኝ። "ተጸለየልኝ" አልኩት። "ጥሩ፣ ጸልዩ። የጣቶችህን እንቅስቃሴም እንዳትተው" አለኝ። አልተውኩም። ዛሬ ሦስቱ ጣቶቼ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ገና ናቸው። በሦስቱ እስላለሁ። ከወደቅሁ ጀምሮ አረቄ አልቀመስኩም፤ የምሄድበት ቤት ሁሉ አንድ ሰው ሆኜ ነው የምገባው። ይህ ከጣቶቼ የሚበልጥ ፈውስ ነው!

አሁን ከመቀመጤ በፊት፣ እዚህ መካከል ሁለት ሕይወት ይዞ የሚዞር ሰው ካለ ለእሱ ነው የምናገረው። ደክሞሃል፣ አውቃለሁ። እህቴ፣ አንቺም። በአማርኛ ብትጠሩት ይሰማል፤ በኦሮምኛ ብትጠሩት ይሰማል፤ ቃል ቢጠፋችሁና ብታለቅሱም ይሰማል። እውነቱን ለመንገር አትፍሩ፤ ቀድሞ ያውቀዋልና አይደነግጥም። ብቻዬን እፈራለሁ የሚል ካለ እጁን ያንሳ፤ መጥቼ አጠገቡ እንበረከካለሁ።

አዎ፣ አየሁህ ወንድሜ። መጣሁ።