አራተኛ ፎቅ የወጣው ጽዋ

ስቅለት ዕለት የኛን ጉልበት ያየ ሰው ሐኪም ቤት ለምን ተሠራ ይላል። ከጧት ጀምሮ ስንወድቅ ስንነሳ እንውልና በማግሥቱ ስንት ጊዜ እንደሰገድን ለጎረቤት እናወራለን። ሪህ እንዳለብኝ በዚያ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የኔ ሪህ የሚነሳው ደረጃ ሲያይ ነው።

ገላን ኮንዶሚኒየም የምንኖር የአንድ ብሎክ ሰዎች የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በአሥራ ሁለት ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ባለተራው ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል። የማኅበሩን አለቃ እንደ ወጉ ሙሴ ነው የምንለው። የኛ ሙሴ ግራውንድ ላይ ነው የሚኖረው።

ችግሩ የመጣው ተራው አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ጋ ሲደርስ ነው። ሟች ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቃቂ በሰቃ ደረጃ የሌለው ቤት ኖረው፣ በስተርጅና የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላቸው አራተኛ ፎቅ ሆነ። እግራቸው በከዘራ ከአልጋ እስከ በረንዳ ያደርሳቸዋል፤ ደረጃ ግን አያስወርዳቸውም። ሊፍት የለንም። ሽንኩርት እንኳ የሚገዙት ከበረንዳ ዘንቢል በገመድ አውርደው ነው።

ከፋሲካ በኋላ በተሰበሰብንበት ማኅበር ሙሴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እማማን ማስቸገር ኃጢአት ነው፤ ዘንድሮ እንለፋቸው" አለ። አንዷ "ለሳቸው ብለን እኮ ነው" አለች። አንዱ ደግሞ "አራተኛ ፎቅ ስወጣ ልቤ ቀጥ ቢልስ?" አለ። ይህ ሰው ስቅለት ዕለት ከፊቴ ሲሰግድ የዋለ ነው። የጥንቱ ሙሴ ሲና ተራራን ወጥቶ ጽላት ይዞ ወረደ፤ የኛው አራተኛ ፎቅ ከበደው። ይህን በሆዴ አልኩ እንጂ፣ በአፌ ያልኩት "ልክ ነው" ነው። ሪሄ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ወሬ ደረጃ አይፈራም፤ ወዲያው እማማ ጋ ደረሰ። በማግሥቱ ባዶ ዘንቢላቸውን አወረዱና ከበረንዳ ሆነው፣ "ጽዋዬን ላኩልኝ። ሞቻለሁ እንዴ ተራዬን የምትዘሉኝ?" አሉ።

የሙሴ ፊት በራ። ጽዋው በዘንቢል ከወጣ፣ በቀኑ ዳቦና ጠላውም በዘንቢል ይወርዳል ማለት ነው። እኛ ግቢው ውስጥ ወንበር ደርድረን ዝክሩን እንቀምሳለን፤ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይከፋም። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ዘንቢሉ ውስጥ አስቀመጠው። ቃሪያና ቲማቲም ሲመላለስበት የኖረው ዘንቢል ጽዋ ይዞ ሲወጣ ከታች እልል አልን።

ግንቦት አሥራ ሁለት ነጠላችንን አጣፍተን እበረንዳቸው ሥር ተቀመጥን። የድፎው ሽታ እታች ድረስ ይመጣል። አንጋጠን ጠበቅን፤ ዘንቢል የለም። ኋላ እማማ በከዘራቸው ተደግፈው ብቅ አሉ።

"ዳቦውም እዚህ ነው፣ ጠላውም እዚህ ነው፣ ጽዋውም እዚህ ነው" አሉ። "የፈለገ ይምጣ።"

"እማማ፣ ገመዱ ተበጠሰ እንዴ?" አለ ሙሴ።

"ገመዱ ደህና ነው" ብለው ገቡ።

ከዚያ ምክክር ሆነ። አንዱ ሌላ ጽዋ ብንገዛስ አለ፤ ሐሳቡም ከልብ ተመክሮበታል። በመጨረሻ ያስነሳን የሚካኤል ፍርሃት ይሁን የዳቦው ሽታ እንጃ፣ ብቻ ተነሣን። በየፎቁ እያረፍን "እግዚኦ" እያልን ወጣን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲያ ከልባችን ብለነው አናውቅም።

በሩ ክፍት ነበር። አልጋቸው ዙሪያ ለእያንዳንዳችን ወንበር ተደርድሯል። ገሚሱን ፊት ለፊት ካሉት የወሎ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ነው የተዋሱት። እማማ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጽዋውን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠሩ አስቀመጡን። ያኔ አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ እስከ ጆሮዬ ጋለኝ።

ጸሎቱ አለቀ። የሚቀጥለው ተራ የሙሴ ስለነበር ጽዋውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እማማ ሰጡት፤ ግን እጃቸውን አላነሱም።

"ስሞት ሁላችሁም እንደምትወጡ አውቃለሁ" አሉ። "የቀረውን እድሩ ይቀጣላ። ያን ቀን ግን እኔ አላያችሁም። በቁሜ ልያችሁ ብዬ ነው።"

ከዚያ ጽዋውን ለቀቁለት። ሙሴ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አንዷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዳቦው ግን ቁራሽ አልተረፈም።

ስንወርድ ሙሴ ጽዋውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አለና ወደኛ ዞረ። ዓይኑ ገና እርጥብ ነው። እየመጣን እንጠይቃቸው ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ከእንግዲህ" አለ፣ "ጽዋውን በዘንቢል አንልክም፤ እታች እኛው ጋ ይቆያል።"

ሁላችንም አሜን አልን። የኔው ጮክ ያለ ነበር።