አዴር ያልለቀቁልኝ ቦታ

ያሰሩኝ ስለ አፈር በተናገርኩት ነው። እንዲህ ብዬ ስመልስ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እኔም ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጅጅጋ ውስጥ ለሕንፃና ለመንገድ የሚሆን አፈር እመረምር ነበር። ዝናብ ሲጥል ብቻ ጎርፍ የሚወርድበት ደረቅ ወንዝ አለ፣ የአገሩ ሰው ቶግ ይለዋል። እሱ ዳር አንድ የመንግሥት ሕንፃ ሊሠራ ተቸኮለ። በስብሰባ ላይ ተጠየቅኩና መሬቱ ገና ነው አልኩ። ደለሉ ለስላሳ ነው፣ አፈር ይከመርበትና ክረምት ይለፍበት፣ አለዚያ ሕንፃው ባንድ ጎኑ ይሰምጣል አልኩ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ያዙኝ። ፒካፑ ላይ ከተጫንኩ በኋላ አንደኛው፣ "ልማት የምታደናቅፈው መሐንዲስ አንተ ነህ?" አለኝ። መሐንዲስ ሳልሆን የላቦራቶሪ ቴክኒሻን መሆኔን ልነግረው አስቤ ተውኩት።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር፣ ቶጉ አጠገብ ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ውስጡ በግንብ ተከፋፍሎ እስር ቤት ሆኗል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ላብ፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ጀሪካን ውስጥ የዋለ ሽንት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰው አየሁ። ሰው እንጂ ወለል አይታይም ነበር።

ክፍሉ እንደ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው። ጎን ለጎን ስንደረደር ጭንቅላታችን አንዱን ግድግዳ፣ እግራችን ሌላውን ይነካል። የምንተኛው በጎናችን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ ይገላበጣል። የረድፉ አንዱ ጫፍ በሩና የሽንት ጀሪካኑ ነው፣ አዲስ ገቢ ከዚያ ይጀምራል። ሌላው ጫፍ የጀርባው ግድግዳ ነው። እሱን ተጠግቶ የሚተኛ ሰው ጎረቤቱ አንድ ብቻ ነው፣ ቀን ቀንም ጀርባውን ያስደግፋል። በክፍሉ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

የቤቱ ደንብ ያንን ቦታ ለሁለት ዓይነት ሰው ይሰጥ ነበር፤ ለሽማግሌና ከምርመራ ተደብድቦ ለተመለሰ። የተደበደበ ሲመጣ ሽማግሌውም ቢሆን ተነስቶ ይለቅለታል፣ እስኪያገግም። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ሲጣስ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

በኔ ጊዜ ቦታው የአንድ የአዲጋላ ሽማግሌ ነበር። ሶማሊዎቹ አዴር ይሏቸዋል፣ አጎት እንደ ማለት፤ እኛም አዴር አልናቸው። ግመል ነጋዴ ነበሩ። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፣ ልጁ ስለታጣ አባት ተያዘ። ልጁ እስኪመጣ ይቀመጣሉ ተባለ። አማርኛቸውን የተማሩት ከአዲጋላ ባቡር ጣቢያ ሰዎች ነው፣ "አንተ" እንጂ "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቁም። ያመመው ሰው ካለ ከድርሻቸው ውሃ ያካፍላሉ፣ ወዲያው ደግሞ ሲያንኮራፋ አደረ ብለው ይሰድቡታል።

ውሃችን ከብርካ፣ ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ በቦቴ የሚመጣ ነው፣ መልኩ ሻይ ነው የሚመስለው። በተቆረጠ ጀሪካን ተቀድቶ ይቀመጥና ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩ እንጠጣለን።

ቀን እየገፋ ሲሄድ ከበሩ እየራቅኩ ወደ አዴር ተጠጋሁ። አንድ ጠዋት ከሳቸው ራስ በላይ የጀርባው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ከታች ጠባብ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል። ያንን ዓይነት ስንጥቅ ብዙ አይቻለሁ። ግድግዳው የመጋዘኑን ትልቅ የመኪና በር ለመድፈን በቅርብ የተገነባ ነው፣ የተቀመጠውም ቶጉ ባመጣው ልስልስ ደለል ላይ ነው። ትንሽ ሳሙና ነበረችኝ። ቆርሼ አርጥቤ ስንጥቁ ላይ ለጠፍኳት፣ ስትደርቅ ድንጋይ ትሆናለች። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ እንዳለች ትቆያለች። አንድ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ሳሙናዋ ለሁለት ተሰንጥቃ አገኘኋት።

"ሳሙና ለልብስ ነው ወይስ ለግድግዳ?" አሉኝ አዴር።

መንገር ነበረብኝ። ጀሪካኑን አምጥቼ የጠራውን ውሃ ለብቻው ገለበጥኩና ከታች የቀረው ጭቃ ላይ ትንሽ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ድንጋዩ ቀስ እያለ ባንድ ጎኑ ሰመጠ፣ ዙሪያውን ውሃ አመነጨ።

"ቶጉ ከተራራ ሲወርድ የያዘውን ሜዳ ላይ ሲደርስ ይጥለዋል" አልኳቸው። "ትልቅ ወንዝም ባሕር ሲደርስ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ላዩ ሲደርቅ መሬት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ውሃ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ውሃው እየተጨመቀ ይወጣል፣ መሬቱ እየወረደ ይጠነክራል። ይህ ዓመታት ይፈጃል። ግድግዳውን ግን ሳይጠብቁ ነው የጫኑበት።"

"ጊዜ ነው የሚፈልገው?"

"ጊዜና ክብደት።"

"ወላሂ ሁለቱም እኛ ጋ ሞልቷል" ብለው ሳቁ። ከዚያ ስንጥቁን ቀና ብለው አዩት። ሳቃቸው ጠፋ። "ይወድቃል?"

"ዝናቡ ከቀጠለ ይወድቃል። ከዚህ ይነሱ፣ አዴር።"

ረድፉን ዓይናቸው እስከ በሩ ድረስ አየው። በሰውና በሰው መሃል እጅ የሚያስገባ ክፍተት የለም።

"እሺ፣ ልነሳ። ማንን ላስተኛበት?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ለእስር ቤቱ አለቃ እነግራለሁ አልኩ። "ዋርያ፣ ተው" አሉኝ፣ አንተ ሰው ማለታቸው ነው። አልተውኩም። ግድግዳውን አይቶ የማያምን አለቃ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። እንደኔ ያለ የዋህ በሞያው ይመካል።

አለቃው ጠረጴዛው ላይ ጫት ዘርግቶ ነበር። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ስለ ደለሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሳሙናዋ ሳይቀር ነገርኩት።

"ግድግዳውን በሳሙና ስትመረምር ሰነበትክ ማለት ነው" አለ።

"ሰው ላይ ይወድቃል ነው የምልዎት።"

"ግድግዳ የሚያይ እስረኛ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። ውጭም መሬቱ ይሰምጣል አልክ፣ እዚህም ገብተህ ይሰምጣል ትላለህ። ያንተ መሬት መቼ ነው የሚቆመው?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ አልተርክም። ከውስጥ እግሬ ነው የጀመሩት። ስመለስ መቆም ስለማልችል ሁለት ሰዎች ብብቴን ይዘው አስገቡኝ።

በደንቡ መሠረት ሰዎቹ ወደ ጀርባው ግድግዳ ይዘውኝ ሄዱ። አዴር ቀድመው ይነሳሉ ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። አልተነሱም። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ እንደለጠፉ እግራቸውን ዘረጉ።

"እሱን መሃል አስተኙት" አሉ።

አንድ ባለሱቅ ነበር፣ ደግ ሰው። "አዴር፣ እግሩን አላዩትም እንዴ?" አላቸው።

"አየሁት። ግድግዳው የኔ ነው።"

ክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። ሰው ሲያረጅ ሆዳም ይሆናል ያለም ነበረ፣ እሳቸው እየሰሙ። አንዱ ደግሞ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ተናገረና ፊቱን አዞረባቸው። እኔ ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት አዴር ቀና ብለው አዩኝ። ከኔ በላይ የተቆጣ ሰው ዓይን ነበር። ብናገር ክፍሉ በሙሉ እንደሚሸበር፣ ጥበቃው ገብቶ ሁሉንም እንደሚቀጠቅጥ ሁለታችንም እናውቃለን። ዝም አልኩ። መሃል፣ ሁለት ሰው ሊተኛበት በሚችል ጥበት ውስጥ፣ ሦስተኛ ሆኜ ተኛሁ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም፣ በራሴ ሳይሆን እሳቸው ስለኔ በመሰደባቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ እርስ በርስ መደማመጥ አቃተን። በግድግዳው ሥር ቡናማ ውሃ ይገባ ጀመር። አዴር እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፣ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። አጠገባቸው ያለውን ወጣት፣ "እርጥብ ነው፣ ሂድ ወደዚያ" ብለው በክርናቸው ገፉት። ወጣቱ ቅር እያለው ሌሎቹ ላይ ተጨናንቆ ተጠጋ።

ግድግዳው ሲወድቅ ድምፁን አልሰማሁም። ዝናቡ ውጦት ነው። ያየሁት ብርሃኑን ነው፤ ክፍሉ ድንገት ነጣ። ግድግዳው በነበረበት ቦታ ሜዳው፣ ሣሩ፣ ከሩቅ የቆሙ ፍየሎች ታዩ። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ያየነው የመጀመሪያ ሜዳ ነበር። ማንም ወደዚያ አልሮጠም። ጥበቃዎቹ መሣሪያ አቀባብለው ሲደርሱ ያገኙን ከአዴር ላይ ብሎኬት ስናነሳ ነው። ባለሱቁ ከሁሉ ፊት ነበር፣ ጥፍሮቹ ደምተው።

አዴርን በብርድ ልብስ አድርገው ወሰዷቸው። የት እንደቀበሯቸው አልተነገረንም። ያን ምሽት ስለ ሳሙናዋና ስለ ድንጋዩ ለክፍሉ ተናገርኩ። ሆዳም ያላቸው ሰው በእጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

አለቃው በማግስቱ መጣ። ወደኔ አላየም። "ራሳችሁ ትገነቡታላችሁ" ብሎ ሄደ። አካፋና ዶማ ሰጡን። አንዳንዶቹ ለራሳችን እስር ቤት ምን አደከመን፣ እንደ ነገሩ እንደርድረው አሉ። እኔ ቆሜ መቆፈር ስለማልችል ጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጬ በጣቴ እያሳየሁ አስቆፈርኩ። ቡናማው ልስልስ ደለል አላልቅ አለ። ዶማው ጠጠር ነክቶ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ወረድን። ጥበቃው ሰለቸውና አለቃውን ጠራ።

"ለግድግዳ ይህን ሁሉ ምን ያስቆፍርሃል?" አለኝ አለቃው።

"ሰው ይተኛበታል" አልኩት።

ቆሞ ጉድጓዱን አየና ተመልሶ ሄደ። መሠረቱን ጠጠሩ ላይ አሳረፍነው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያሠራሁት ሥራ የለም። ሲደርቅ ተመልሰን ገባን። ቦታውን ለኔ ለቀቁልኝ፣ እግሬ ገና ነበርና። አልተኛሁበትም፣ ሌላም ሰው አልደፈረም። እርስ በርስ እየተጫጫንን፣ ያ የአንድ ሰው ቦታ ያን ሌሊት ባዶውን አደረ።

ከተፈታሁ ቆይቷል። እስር ቤቱ ተዘግቶ መጋዘኑ እንደገና እህል ይከማችበታል። ባለፈው ክረምት በዚያ በኩል ሳልፍ ባጃጁን አስቆምኩና ወረድኩ። የመጋዘኑ አሮጌ ግንብ ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ማዕዘን ሰምጧል። የኛ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ የለበትም። ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም ተናደድኩ። በውጭ በኩል፣ አዴር ይቀመጡበት በነበረው ትይዩ ተቀምጬ ጀርባዬን አስደገፍኩ።

የባጃጁ ሹፌር መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ደህና ነህ? ምን ሆነህ ነው እዚህ የተቀመጥከው?" አለኝ።

"ቦታዬ ነው" አልኩት።