የመስታወቱ አንድምታ

ሰብሌ አረጋ ግትር ናት፤ ከላሊበላ አቅራቢያ ባለችው ብልባላ ያሳደጓት ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። አባቷ መሪጌታ አረጋ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ደቀ መዛሙርቱን ከደጃፍ አስቀምጠው አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በየፈርጁ ሲፈቱት፣ እሷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ለሴት ልጅ ምን ሊረባት የሚሉ ጎረቤቶች አልጠፉም። የረባትን ይኸው ላሊበላ እያየው ነው፤ የአማርኛ መምህርት ሆና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የልቦለድ አንባቢዎችን ሰብስባ በአባቷ ስልት ታስተነትናለች።

የሰሞኑ መጽሐፍ ክፉ ዘመን ስለወረደባት አንዲት ምናባዊ ከተማ ነው። ገዥዎቿ መስታወት ሁሉ እንዲሰበሰብ ያዛሉ፤ ሕዝቡም ውሎ አድሮ መልኩን ይረሳል። ሰብሌን ያስገረማት ግን አጻጻፉ ነው። ደራሲው ከዳር እስከ ዳር የአንድም ሰው ፊት አልሣለም። ድምፅ አለ፣ እጅ አለ፣ ያረጀ ጫማ አለ፤ ፊት የለም። አንባቢውንም መስታወት ነሥቶታል ማለት ነው።

አዳራሽ የሚያውሷት የሆቴል ባለቤት አቶ ታፈረ ይህን ሲሰሙ፣ ነገሩ በዛሬ ገዥዎች ላይ እንዳይተረጎም ፈሩ። እንግዳ ከራቀ ወዲህ ጥላቸውንም አያምኑም። መስታወቱ የከንቱ ውዳሴ ምሳሌ ነው ብላ እንድታበቃ፣ ሌላ ከጨመረች ግን አዳራሹን እንድትረሳው ነገሯት። ሰብሌ ሌላ መሰብሰቢያ የላትም። ጉባኤዋ ከሚበተን ብላ እሺ አለች።

ቅዳሜ እንደታዘዘችው አንዷን ፍቺ ተናግራ አበቃች። አቶ ታፈረ ከበሩ አጠገብ ፈገግ አሉ። ምስኪን፣ የላስታ ልጅ ሆነው ሳለ አንድ ነገር ዘነጉ፤ በዚህ አገር አንድ ፍቺ ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም። ሁሉም ቁጭ ብሎ ጠበቃት። የአባቷ ደቀ መዝሙር የነበሩት መሪጌታ ቢተው ለዘብ ብለው፣

«አንድምሳ፣ ልጄ?» አሏት።

ሰብሌ አፈረች። ከዚያም በራሷ ተናደደችና ቀና አለች።

«አንድም፣ መልኩን የሚያውቅ ሕዝብ ለመግዛት ያስቸግራል። አንድም፣ መስታወቱን የሰበሰበው ወታደር ብቻ አይደለም፤ ሳይጠየቅ አውጥቶ ያስረከበው ጎረቤትም ነው። አንድም፣ ቅድም በተናገርኩት ላይ ባበቃ ኖሮ፣ ያ ጎረቤት እኔ ነበርኩ።»

አቶ ታፈረ ከተቀመጡበት ተነሡ። ለሚመጣው ቅዳሜ አዳራሹ ሥራ አለበት፣ ከዚያ ወዲያም እንደዚሁ አሉ።

«እንግዲያውስ መጽሐፉን ዛሬ እንጨርሰዋለን» አለችና ቀጣዩን ገጽ ገለጠች።

መሪጌታ ቢተው ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ።