ኤጭ የማይባልበት መንገድ

ቁልቢ በእግር መሄድ የኔ ሐሳብ አልነበረም። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ሐኪሞቹ እናቴን ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ባነጋገሯት ቀን ነው የተሳለችው። ልጄን ካተረፍክልኝ ከቤቴ ደጃፍ ተነስቼ፣ እሷን አስከትዬ፣ በእግሬ እመጣለሁ ብላ ለገብርኤል ነገረችው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ተርፌ ተነሳሁ፤ ታኅሣሥም ደረሰ። እናቴ ያበጠ ጉልበቷን በቅባት አሽታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ሐረር ሸዋ በር አጠገብ ካለው ቤታችን ማልደን ወጣን።

ደጃፉን ሳንሻገር ሕጉን ነገረችኝ። በስለት መንገድ ላይ አይጉረመረምም። ያጉረመረመ ሰው የረገጠው መንገድ አይቆጠርለትም፤ ተመልሶ ከደጃፍ መጀመር አለበት። ይህ ሕግ የት እንደተጻፈ አላውቅም፤ የእናቴ ዘመዶች ግን ከቅዳሴ እኩል ያከብሩታል። እናቴ ልጅ ሳለች ከአክስቷ ጋር ሐረማያ ደርሰው፣ አክስቷ እግሬን ጨረሰኝ ብለው ስለተማረሩ ብቻ ሁለቱም ወደ ሐረር ተመልሰው እንደገና ጀምረዋል። ስለዚህ ቀልድ አይደለም። ኤጭ ካልኩ እናቴ በዚያ ጉልበቷ ፊቷን ወደ ቤት ታዞራለች። ሁለተኛ ብትጀምር ደግሞ የምትደርስ አይመስለኝም፤ ካልደረሰች በሽታዬ ተመልሶ ይመጣል ብላ እድሜዋን ሙሉ ስትፈራ ትኖራለች።

እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ሌላው ሰው እድፍ ብሎ የሚያልፈውን እኔ በስሙ አውቀዋለሁ። በር የምከፍተው በክርኔ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ብረቱን አልይዝም። እንዲህ ያለውን ሰው አታጉረምርሚ ብሎ ቁልቢ መንገድ ላይ መልቀቅ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ገና ከከተማ ሳንወጣ ጀመረኝ። ከፊታችን የሚሄደው ምእመን ሸንኮራ እያኘከ ምጣጩን ይተፋል። መንደሪን ይልጥና ልጣጩን እግሬ ሥር ይጥላል። ውሃ ይጠጣና ፕላስቲኩን ወደ ሰው ማሳ ይወረውራል። ነጭ ነጠላ ለብሶ፣ መዝሙሩን ሳያቋርጥ፣ የሰው አጥር ላይ ይሸናል። አወዳይ ስንደርስ የጫቱ ገረባ አስፋልቱ ላይ ተረግጦ አረንጓዴ አተላ ሆኗል፤ በዚያ ላይ ሽንት፣ በዚያ ላይ ናፍጣ። አንዱ ጎረምሳ አጠገቤ ቆሞ ተናፈጠና እጁን በነጠላው ጠረገ። ያኔ አመለጠኝ። ቀስ ብዬ ነው፤ ግን ኤጭ ብያለሁ። ደንግጬ እናቴን አየኋት። አቀርቅራ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እርጅና ጆሮዋን ማድከም በመጀመሩ ተመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ፤ ሆዴ ግን ዝም አላለም። የምጸልይ መስዬ ከእግዚአብሔር ጋር ስጣላ ዋልኩ። ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ነው የምትችለው? ሽታው እላይ ድረስ አይመጣም? ከሰማይ ሲታይ ነጭ ነጠላው ብቻ ከሆነ የሚታየው፣ አንተስ ተመችቶሃል እለዋለሁ። የስለት ጉዞ ልብን ያለሰልሳል ሲባል ነው ያደግሁት። የኔ ልብ በየኪሎሜትሩ እየከፋ ሄደ፤ ብቻዬን ብሄድ ኖሮ ምናልባት አምን ነበር ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ።

ከሐረማያ ወዲያ አንዲት የኦሮሞ እናት ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር አስረው፣ በራቸው ላይ ጄሪካን አስቀምጠው፣ ለተጓዡ ውሃ ያድላሉ። ጣሳው አንድ ነው። ከኔ በፊት የጠጣው ሰውዬ ጢሙ ላይ በሶ ነበረበት፤ በሶው ጣሳው ውስጥ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አየሁት። ሴትዮዋ ቢስሚላሂ ብዬ እንድጠጣ ነገሩኝ። እናቴ ታየኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት። ከዚያ ሴትዮዋ የእሳቸውም ልጅ መታመሟን ነግረው፣ እናቴ ገብርኤል ዘንድ ስትደርስ ስሟን እንድታነሳላቸው ለመኗት። እናቴ የልጅቱን ስም ጠየቀች። እንዳይጠፋባት መንገዱን ሁሉ ስትደጋግመው ሰማኋት። እኔ መንገዱን ሁሉ ምራቄን ስተፋ ነበር።

በመጨረሻው ቀን፣ ዳገቱ ሥር፣ እናቴ ጫማዋን አወለቀች። የቀረውን በባዶ እግሯ ልትወጣው ነው የተሳለችው። ክርስትና ሊነሱ የመጡት ሕፃናት ብዙ ናቸውና ዳይፐሩ በየቦታው ተጥሏል፤ የተጠቀለለም ያልተጠቀለለም። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከኋላችን እየተንፏቀቀ ይጮህብናል። ጫማሽን አድርጊ ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ ይህም ማጉረምረም ይሁን አይሁን ስላልገባኝ መልሼ ዘጋሁት።

የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ሲል እናቴ እሱን እያየች ረገጠች። የረገጠችው ያልተጠቀለለውን ነበር። በእግር ጣቶቿ መካከል ወጣ።

“ኤጭ! ይሄ ሰው ነው ከብት?” አለች።

ከሸዋ በር ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ስለው የከረምኩትን ቃል በቃል ነው ያለችው። ከዚያ ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ። እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ መጣንበት፣ ወደ ታች አየች። ልትመለስ እንደሆነ አወቅሁ።

“ሰማሽኝ?” አለችኝ።

“ምኑን?”

“ያልኩትን።”

“እማዬ፣ በዚህ ጩኸት ምን ይሰማል?” አልኳት። ያ ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለራሴ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ የደበቅኩትን የታሸገ ውሃ ከፈትኩ። ጓንት የለኝም። ተንበርክኬ በየጣቶቿ መካከል በእጄ እየገባሁ አጠብኳት። ስለወደድኳት ሽታው አልቀነሰም፤ አሁንም ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ሆስፒታል ሳለሁ ከዚህ የባሰውን ከኔ ላይ ያጠበችው እሷ ናት። ያኔ አንድም ቀን ኤጭ ስትል አልሰማሁም። ብላ ይሆናል።

እናቴ ትከሻዬን ተደግፋ እግሯ እስኪደርቅ ቆመች። ከዚያ ወደ ጉልላቱ ዞረች።

“በይ እንሂድ” አለችኝ። “እኔም ከአወዳይ ጀምሮ ጆሮዬ አይሰማም።”