ለቅሶው የተቀነሰበት መጽሐፍ

የወሰዱኝ ከለቅሶ ድንኳን ነው። ወንድሜ በተቀበረ ማግስት። ከአጅባር እህል ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ፤ ማን እንደተኮሰ የነገረን የለም። ለቅሶ ሊደርሱ በመጡ ሹማምንት ፊት «ማን ነው የገደለው?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። ሰልስቱን ሳልቀመጥ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ የድሮ መጋዘን አስገቡኝ።

ክፍሉ የማዳበሪያ ሽታ ነበረው። ዓይን ያቃጥላል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ ከሥር ይመጣል። ያለው አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ስምንት ሰዎች በተራ ይተኙበታል። በሩ አጠገብ የነበሩ ሽማግሌ ጨው ነጋዴ፣ ኩታዬን አዘቅዝቄ መልበሴን አይተው፣ «ሐዘንተኛ ነህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። «አላህ ያጥናህ» ብለው ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ።

ጥግ ላይ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ነበሩ። አወቅኋቸው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ልብ ወለድ ጽፈው ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥተው በእጃቸው ሸጠውልን ነበር። ስለ ምትሃት አገር የሚያወራ መጽሐፍ ነው። ተራራ ይናገራል፤ ፈረስ ደመና ላይ ይሄዳል። እኔና ወንድሜ አንድ ገዛን። ተራ መጠበቅ ስላቃተኝ፣ ወንድሜ ከመሃል ለሁለት ቀድዶ ያነበበውን ግማሽ ሰጠኝና በሌላው ቀጠለ።

በማግስቱ ጧት ሻይ ከጠጣን በኋላ ደራሲው፣ «ምነው እንዲህ ታየኛለህ?» አሉኝ።

«መጽሐፍዎን አንብቤያለሁ።»

ፊታቸው በራ። «እውነትህን ነው? ወደድከው?»

«ወድጄው ነበር። ለሁለት ቀድደን ነው ያነበብነው፣ እኔና ወንድሜ።»

«ቀደዳችሁት?» ደረታቸውን ያዙ። እስረኞቹ ሳቁ።

«አሁን ግን ቅር ብሎኛል» አልኩ። «ታላቅ ወንድምየው በጦር ተወግቶ ይሞታል። ሦስት ገጽ ሳይሞላ ታናሹ ከዓለት ሥር ውኃ አምጥቶ ያስነሳዋል። እናትየው አላለቀሰችም። ጎረቤት አልመጣም። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው የለም።»

«ምትሃት ነው እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ምትሃቱን አልጠላሁም። ተራራው ሲናገር አምኜዎታለሁ። የማታለቅስ እናት ግን... እሷን አላመንኩም።»

ሽማግሌው ወደ ደራሲው ዞረው፣ «ያ ውኃ ከተረፈህ ለዚህ ጉልበቴ ጠብ አድርግልኝ» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ደራሲው አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለቅሶውን ጽፌው ነበር» አሉ። «ሙሉ ምዕራፍ ነበረ። ወረቀት ሲወደድ ማተሚያ ቤቱ ገጽ ቀንስ አለኝ። ጦርነቱን ልቀንስ? ፈረሱን ልቀንስ? ሰው የሚገዛው ለእነሱ ነው ብዬ ለቅሶውን አወጣሁት።»

«ያስታውሱታል?» አልኩ።

«አንዳንዱን።»

«ይንገሩኝ።»

እስረኞቹ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ፍራሹን ከበው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ደራሲው እናትየው የልጇን ጫማ ከደጅ አላነሳ እንዳለች ነገሩን። ጎረቤቶች እያለቀሱ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ተራራው ራሱ ዝም እንዳለ ነገሩን። መሃል ላይ አቆሙና፣ «ወንድምህስ?» አሉኝ።

ኩንታል ሲሸከም ያፏጭ እንደነበር ተናገርኩ። ሲያነብ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጹን እንደሚገልጥ። መጽሐፉን የቀደደ ቀን እንዴት እንደሳቀ። አለቀስኩ። አጠገቤ ያለው ሰውም አለቀሰ፤ ወንድሜን አያውቀውም።

ጠባቂው በሩን ከፍቶ፣ «ምንድን ነው ይሄ ስብሰባ?» አለ።

ሽማግሌው ሳይነሱ፣ «ለቅሶ ላይ ነን፣ ልጄ» አሉት።

ጠባቂው በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። «በል፣ ፍራሽህ ይነሳ» አሉ። እኛ ጋ ለቅሶ የሚያበቃው የሐዘንተኛው ፍራሽ ከወለል ሲነሳ ነው። ሁላችንም ያችን ስፖንጅ ይዘን አራገፍናት፤ ግድግዳ አስደግፈን አቆምናት። የመተኛት ተራው የነበረው ሰው እስኪመሽ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። አውርዱልኝ አላለም።

አሁን ቤቴ ነኝ። ደራሲውም ከእኔ በኋላ ተፈትተዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አንተ ቀዳጅ!» ይሉኛል። እንደገና ሊያሳትሙት ያስባሉ፤ ወረቀት ግን ዛሬም ውድ ነው። መጽሐፉን ዛሬም ጥሩ ነው አልልም። ያን ቀን የሰማሁትን፣ የማስታውሰውን ያህል፣ በደብተር ወረቀት ጻፍኩት። ወንድሜ መጽሐፉን የቀደደበት ቦታ፣ በታሪኩ ውስጥ ታላቅየው ከሞተበት ገጽ ቀጥሎ ነው። እዚያ መሃል አስገባሁት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። አንዳንድ ቀን «አንብብልኝ» ትለኛለች። የደብተሩን ወረቀት አነብላታለሁ። ቀጥዬ የሞተውን የሚያስነሳው ውኃ ጋ ስደርስ «ይበቃል» ትላለች። እዘጋዋለሁ።